የዲክሲሱ ለቅሶ

ተስፋነሽና እኔ አሰላ ውስጥ አጥር ተጋርተን አሥራ ስምንት ዓመት ኖረናል። ባሏ ፈቃደ የሒሳብ መምህር ነው። ሲጠጣ በነበረ ጊዜ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤቱ የምትደውለው እሷ ነበረች፤ «ጨጓራው ተነሥቶበት ነው» ትላለች። የተማሪዎቹን ፈተና ሳይቀር በቀይ እስክሪብቶ የምታርመው እሷ ነበረች። የሰፈራችን ልጆች ማርካቸውን ከማን እጅ እንዳገኙ እስከ ዛሬ አያውቁም።

ልጃቸው ሐዊ ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀች ዕለት ፈቃደ ሰክሮ ጓዳ ወድቆ ነበር። ከተስፋነሽ ጋር ምርቃቱ ላይ የተገኘሁት እኔ ነኝ። «ጋሽ በዛብህ የሚባሉ የድሮ ባልደረባው ሞተው ዲክሲስ ለቅሶ ሄዷል» አለቻት። እኔም «አዎ፣ ድንገት ነው» አልኩ። ምን ላድርግ፣ የሰው ገመና ነው።

አምና ፈቃደ ጌታን ተቀበለና መጠጡን እርግፍ አድርጎ ተወ። እጁ ሲንቀጠቀጥ ሾርባ በማንኪያ ያጎረሰችው ተስፋነሽ ናት። ይህ ይታወቅልኝ።

አንድ እሑድ ሐዊ ከአዳማ መጥታ ሁላችንም ቸርች ተቀምጠናል። ፈቃደ ምስክርነት ሊሰጥ ተነሥቶ ማይኩን ያዘ።

«ልጄ ስትመረቅ ዲክሲስ አልነበርኩም፤ ሰክሬ ጓዳ ተኝቼ ነበር። ቤቴ ውስጥ የሚዋሽልኝ ሰው ባይኖር ኖሮ ድሮ እነቃ ነበር» አለ።

ለሰው ሞት አነሰው! ጉባኤው «አሜን» አለ። እኔ በንዴት ጦፍኩ። ሐዊ ሮጣ አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች፤ እያለቀሰች ሳመችው። እናቷ ደጅ ላይ ደርሳባት እጇን ስትይዛት ግን አስለቀቀቻት።

«እሱስ እውነቱን ነገረኝ። አንቺ የሟቹን ስም ሳይቀር ነግረሽኝ! ሌላስ ስንት ነገር ዋሽተሽኛል?»

ተስፋነሽ ወደ እኔ ዞር አለች። አንድ ቃል እንድናገርላት ነበር። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

አሁን ሐዊ የምትደውለው ለአባቷ ብቻ ነው። ባለፈው እሑድ እነሱ ቤት ቁጭ ብዬ ሳለሁ ደወለች። ጆሮው ደከም ስላለ ስልኩን ላውድ ላይ አድርጎ ነው የሚያወራው። ስለ ሥራዋ፣ ስለ ጤናው፣ ስለ አሰላ ብርድ ተጨዋወቱና ቻው ተባባሉ። እናቷን አላነሣችም።

ተስፋነሽ ከጓዳ እጇን እየጠረገች ወጣች።

«ሐዊ ሰላም በልልኝ ብላለች» አላት ፈቃደ፣ ዓይኑን ሰበር አድርጎ።

«ደኅና ናት አይደል?» አለችው። የስልኩ ድምፅ ጓዳ ድረስ ይሰማል።