አንዱ ጎማ ብቻውን አይዞርም

ፒክአፓችንን ጭቃ ሲይዛት አንዱ የኋላ ጎማ ብቻውን ይሽከረከራል፤ ሌላው ቆሞ ያያል። መካኒኩ ጋሽ ሽኩር የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረውን ዲፈረንሻል ለመቀየር አባቴን ሁለት ዓይነት አስመረጠው። አንዱ ሁለቱን ጎማዎች ጨርሶ አንድ ላይ የሚያስር ነው። ሌላው ጭቃ ላይ አብሮ ያዞራቸዋል፣ ኩርባ ላይ ግን ያላላቸዋል። የሞርሲቶ መንገድ ኩርባው ብዙ ነውና አባቴ ሁለተኛውን አስገጠመ።

"ከእንግዲህ አንዱ ጎማ ብቻውን አይዞርም፤ እንዳትረሳ" አለው ጋሽ ሽኩር።

"ይህ ይረሳል እንዴ?" ብሎ ሳቀ አባቴ።

በማግስቱ ከዳምቦያ ሽማግሌዎች ለልጃቸው እኔን ሊጠይቁ መጡ። እኔ ሰባተኛ ክፍል መግባት እንጂ ማግባት አልፈለግሁም፤ ግን ሰው ፊት አፌ አይከፈትም። እናቴም "ድምጿ እንኳ አይሰማም!" እያለች ለሽማግሌዎቹ ታሞግሰኛለች።

አባቴ እንግዶቹን ሊያስደንቅ፣ እንደ ልማዱ አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ አነሣና በቺንጋ ከበቆሎ መፈልፈያው ጋር አገናኘው። መሪው ጋ ተቀምጬ ነዳጅ መስጠት የእኔ ሥራ ነበር።

"በይ ልጄ፣ ማርሽ አስገቢ!"

ፍሪሲዮኑን ስለቅ መሬት የነካውም ጎማ አብሮ ዞረ። ፒክአፗ ከክሪኩ ወርዳ፣ ቺንጋውን በጥሳ ወደ ሽማግሌዎቹ በረረች።

"ተነሡ! ሽሹ!" ብዬ ጮህኩ። ጋቢያቸውን ሰብስበው ሮጡ። ፒክአፗ እንሰት ላይ ተደግፋ ሞተሯ ሲጠፋ፣ የተከፈተው አፌ አልዘጋ አለኝ።

"አላገባም! ትምህርት ቤት ነው የምገባው!"

ከእንሰቱ ጀርባ አንድ ሽማግሌ ብቅ አሉ።

"ድምጿ አይሰማም ያላችሁን ይቺን ነው?"