ሞጣ ያላጨበጨበለት ጊታር

የእህቴ ልጅ ለዕረፍት ከዩኒቨርሲቲ በመጣ በሦስተኛው ቀን ከክፍሉ የሚያጉረመርም የጊታር ድምፅ ወጣና እህቴ ከጓሮ ሆና «ይኼን የወፍጮ ጩኸት ዝጋልኝ!» ብላ ጮኸችበት፤ እኔ ግን የያዝኩትን የሽንኩርት ቢላ አስቀምጬ ገባሁና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። «አክስቴ፣ ይኼ እኮ ሄቪ ሜታል ነው፤ ላንቺ አይሆንም» አለኝ እያዘነልኝ። በደርግ ጊዜ ሞጣ አዳራሽ ውስጥ፣ ከጊታሪስቱ ኋላ ቆሜ ሰምቼዋለሁ ስለው በሳቅ ሞተ። አልፈረድኩበትም። ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም አላምንም ነበር።

ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ቢቸና የአውራጃ ከተማ ነበረች፤ አውራጃ ደግሞ የኪነት ቡድን ሊኖረው ግድ ስለነበር፣ ድምፅ አላት ተብዬ ከወጣት ማኅበሩ ተመለመልኩና ካኪ ለብሼ ስለ እርከን ሥራና ስለ መሠረተ ትምህርት እዘፍን ጀመር። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ በገና ደርዳሪ ነበሩ፤ የእኔን ዘፋኝነት አይወዱትም፣ ግን የማኅበሩን ሊቀመንበር ደፍረው እምቢ ሊሉ ስለማይችሉ ስዘፍን እንዳልሰሙ ሆነው ያልፉኝ ነበር።

ሊድ ጊታሪስታችን ያሲን ይባላል፤ የድሬዳዋ ልጅ፣ ጤና ጣቢያችን የተመደበ የጤና ረዳት። ቢቸና ነጭ ጋዋን የለበሰውን ሁሉ ዶክተር ስለምትል እሱም ዶክተር ነበር፤ ጠዋት መርፌ የወጋቸው ሕፃናት ከሰዓት በኋላ ጊታሩን አንግቶ ሲያልፍ ሲያዩት፣ ያም የመውጊያ ዕቃ እየመሰላቸው እናታቸው ቀሚስ ሥር ይገቡ ነበር። ከጅቡቲ በባቡር በኮንትሮባንድ የገባ፣ ልባሱ የጠፋና የማን እንደሆነ እሱ ራሱ የማያውቀው አንድ ካሴት ነበረው። ከልምምድ በኋላ ሲያሰማን ጊታሩ ያጉረመርማል፣ ይጮኻል፣ ያለቅሳል፤ የቡድናችን መሪ ጆሮውን ይዞ «ዶክተር፣ ምነው ቴፕህን ብታሳክመው!» እያለ ይወጣል።

እኔን ግን ያ ድምፅ እንቅልፍ ነሳኝ። ከልጅነቴ የነገር ሁሉ ሆድ ዕቃ ካላየሁ የማይሆንልኝ፣ የአባቴን የግድግዳ ሰዓት ፈትቼ የተገረፍኩ ሰው ነኝ፤ ክር እንዴት ያጉረመርማል ብዬ ጋሼ ያሲንን አደረቅሁት። ውጭ አገር በእግር የሚረገጥ ትንሽ መሣሪያ አለ፣ እሱ ነው ድምፁን የሚያሻክረው፣ እኛ አገር ግን የለም አለኝ። በመጋቢት የአውራጃዎች ውድድር ሞጣ ላይ ሊደረግ ነበር፤ በዚያ የተመረጠ ደብረ ማርቆስ የክፍለ ሀገሩ ኪነት ውስጥ ይቀጠራል። «እኔ ሌላ ሙያ አልፈልግም» አለኝ፣ «እዚያ ከገባሁ ዕድሜ ልኬን ጊታሪስት ነኝ፤ ካልገባሁ ዕድሜ ልኬን መርፌ ወጊ።»

ይኼን ሲለኝ የአባቴ በገና ትዝ አለኝ። በገና የሚያጉረመርመው በየጅማቱና ጅማቱ በሚያርፍበት እንጨት መካከል ቁራጭ ቆዳ ስለሚገባ ነው፤ ቆዳው ከሌለ እንደ ማንኛውም ክር ለስላሳ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። በሁዳዴ አባቴ ያችን ቆዳ በጣታቸው ጫፍ ገፋ፣ ሳብ ሲያደርጉ፣ ድምፁ ድንገት ነፍስ ሲዘራ እያየሁ ነው ያደግሁት። ትርፍ ቆዳዎቹን ከዳዊታቸው ጋር ማኅደሩ ውስጥ ያስቀምጣሉ። ስድስት ወሰድኩ ልበል እንጂ ሰረቅሁ ነው እውነቱ።

ያሲን ከጤና ጣቢያ ባመጣው መቆንጠጫ ቆዳዎቹን አንድ በአንድ ከጊታሩ ክሮች ሥር ሰገሰገ፣ ማጉያውን እስከ መጨረሻው ከፈተና ወፍራሙን ክር መታው። የልምምድ አዳራሻችን አጉረመረመ። የካሴቱ ድምፅ ነበር፣ የአባቴም በገና ነበር። ያሲን እንደ ሕፃን ሳቀ፣ ከዚያ የምን ቆዳ ነው ብሎ ጠየቀኝ። ቤት የወደቀ ቆዳ ነው አልኩት።

የሞጣው አዳራሽ ጢም ብሎ ነበር፤ ጊዜው የሁዳዴ እኩሌታ ነው፣ ገበሬ ማኅበራቱ ሕዝቡን በትእዛዝ ነው ያመጡት። ለሌሎቹ ቡድኖች ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። የእኛ ተራ ደረሰ፣ ስለ እርከን ሥራ ዘፈንን፣ ከሦስተኛው አንጓ በኋላ ያሲን ወደ ፊት ወጣና ጊታሩን ለቀቀው። መጀመሪያ ከኋላ ያሉት ገበሬዎች ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ ፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን መሬት አስተኝተው አንገታቸውን ደፉ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ፣ አንዷ ዓይኗን ስትጠርግ አየኋት። ያሲን ጨረሰ። አንድ እጅ አላጨበጨበም።

በሁዳዴ በገና ለደረደረ ሰው ማን ያጨበጭባል? እኛ ቤት አባቴ ሲጨርሱ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ይቆያል እንጂ ትንፍሽ የሚል የለም። ዳኞቹ ግን ሦስቱም ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጡ፣ የእኛን ወግ የማያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ እርስ በርስ ተያዩ። ከመድረክ ስንወርድ አንደኛው «ጓዲት፣ ሕዝቡ ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። መልሱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ብናገር ግን ቆዳው ከየት መጣ ይባላል፣ ወሬው ከመኪናችን ቀድሞ ቢቸና ይገባል፣ አባቴ በጾም፣ ከዳዊታቸው ማኅደር ሰርቄ ለዘፈን ማዋሌን ይሰማሉ። «እኔ እንጃ» አልኩ።

«የሕዝብ ተቀባይነት የለውም» ተባለና የሌላ አውራጃ ማሲንቆ ተጫዋች ተመረጠ። ስንመለስ ያሲን ከጭነት መኪናው ላይ፣ አቧራው ውስጥ፣ ቆዳዎቹን በጥፍሩ እያወጣ መዳፌ ላይ አኖራቸው። «በጣም ነው የጠሉት፣ አይደል?» አለኝ። ዓይን ዓይኑን ማየት አቃተኝ። «የሞጣ ሰው እንዲህ ነው» አልኩት። ጊታሩን ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አስረከበ፣ ሁለተኛ አልነካውም፤ ክረምት ሲገባም ተዛውሮ ሄደ። የአንድ ሄቪ ሜታል ጊታሪስት ሙያ በሙሉ ይኼ ነው፤ አንድ ከሰዓት፣ አንድ የእርከን ዘፈን።

አባቴ አርጅተው ዓይናቸው ከደከመ በኋላ አንድ ቀን ሁሉንም ነገርኳቸው። ያ ሁሉ ዓመት የፈራሁትን ቁጣ ጠበቅሁ፤ ስለ ቆዳው ግን አንድም ቃል አልወጣቸውም። «ባርኔጣ አወለቁ?» አሉኝ። አወለቁ አልኳቸው። «አንገት ደፉ?» ደፉ። «ታዲያ ለልጁ ማን ነገረው?» አሉኝ።

ማንም አልነገረውም። ከዚያ ወዲህ ድሬዳዋ ድረስ አስጠየቅሁ፣ ደብዛው የለም። በሕይወት ካለ ዛሬ ሰባን ይጠጋል፤ ሞጣ ላይ አንድ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ እንደጠላው እያሰበ አርጅቷል፣ እንዳልጠሉት የማውቀውም እኔ ነኝ።