እትዬ እሳትና የትስስሩ ምድጃ

እትዬ እሳት የሚሏት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ በዩኒቨርሲቲው የቁሳቁስ ላቦራቶሪ ውስጥ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ የኤሌክትሪክ ምድጃውን የምታነድደው እሷ በመሆኗ ነው። ሁለተኛውን ግዥ ክፍል ያሉትን ብትጠይቋቸው ይነግሯችኋል።

ምድጃው ደረት የሚደርስ የብረት ሣጥን ነው። በሩ ሲከፈት እንደ ሽማግሌ ያቃስታል። ሸክላም ሆነ ሲሚንቶ፣ ያመጡለትን ሁሉ እስከ ሺህ ዲግሪ ያግላል። ያግል ነበር ማለት ይሻላል፤ አምና የማሞቂያ ሽቦው ተበጠሰ። እትዬ እሳት ሁለት ጊዜ ቀጠለችው። በሦስተኛው ግን የሚቀጠል ነገር አልተረፈውም።

በዚያው ሳምንት ታላቁ ዜና መጣ። ተማሪ ሳለ ሚዛን አያያዝ ያሳየችው፣ አሁን ዶክተር የሆነው ተመራማሪ፣ የወለል ሴራሚክ ከሚያመርት ፋብሪካ ጋር ተጣምሮ ትልቅ የምርምር ድጋፍ አሸነፈ። ጥያቄው ግልጽ ነበር፤ ከጥቂት ወራት ወዲህ የፋብሪካው ሴራሚክ ከእቶን ሲወጣ ጠርዙ ይሰነጠቃል፤ ለምን? በግቢው በር ላይ ባነር ተሰቀለ። የኢንዱስትሪ ትስስር ጽሕፈት ቤት ኃላፊው፣ ሠራተኛው በአጭሩ «ትስስር» የሚለው ሰውዬ፣ በአንድ ቀን ሦስት ስብሰባ ጠራ።

እትዬ እሳት ደስ አላት። «እንግዲህ ሽቦዬ ተገዛ» ብላ ቅጽ ሞላች።

ግዥ ክፍል ያለችው ሴትዮ ቅጹን አገላብጣ አየችው። «እትዬ፣ በድጋፉ ዕቅድ ውስጥ ሽቦ የሚል የለም።»

«ምን የሚል አለ?»

«ሥልጠና አለ፣ ዐውደ ጥናት አለ፣ ጉዞ አለ፣ ባነር አለ።»

«ታዲያ ሸክላውን በባነር ልተኩሰው?»

ሴትዮዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ሌላ ቅጽ ሰጠቻት። እሱም ተሞላ። የሱ ተከታይም ተሞላ። ዶክተሩ ራሱ ሁለት ደብዳቤ ጻፈላት፤ ሰውዬው ደግ ነው፣ ግን ከስብሰባ ስብሰባ ሲያንከራትቱት ላቦራቶሪውን ከረገጠ ወር ሆኖታል። ቤት ስትገባ ልብስ ሰፊ ባሏ ገና ፊቷን ሲያይ የስፌት መኪናውን ያቆማል።

«ዛሬም አልገዙልሽም?»

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ገንዘቡ መጣ ይላሉ፣ እኔ ግን ያየሁት ቀለም ብቻ ነው።»

እውነቷን ነበር። ከፋብሪካው ጋር ለሚደረገው የመግባቢያ ሰነድ ፊርማ ሲባል ላቦራቶሪው ነጭ ተቀብቶ ነበር። የፊርማው ዕለት ደግሞ ትስስር ማልዶ መጣና ምድጃውን በትዝብት አየው።

«እትዬ፣ ይሄ ነገር ፎቶ ያበላሻል። መጋረጃ ይደረግበት።»

«ጌታዬ፣ ሙከራው የሚሠራው እኮ በዚህ ነው።»

«የሚሠራው ሲሠራ ይገለጣል» አለና ሄደ። ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ይሄ ነው።

እንግዶቹ መጡ፣ ንግግር ተደረገ፣ ተጨበጨበ። እትዬ እሳት ንጹሕ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ጥግ ላይ ቆማ ጥርሷን ትነክሳለች። ከፋብሪካው ሰዎች መካከል ግን አንድ ፀጉሩ የሸበተ፣ ቅንድቡ በሙቀት የተለበለበ ሰው ንግግሩን ትቶ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ አየ። የፋብሪካው የእቶን ኃላፊ ነበር።

«እህቴ፣ ይሄን ለምን ደበቁት?»

«አስቀያሚ ነው ብለው።»

«እኔንም ከኋላ ቁም ብለውኛል» አለ። ከኮቱ ኪስ በጋዜጣ የተጠቀለለ የሴራሚክ ስባሪ አወጣ። ጠርዙ ተሰንጥቋል፣ ስንጥቁ ዳር ላይ ነጭ ብናኝ አለ። እትዬ እሳት በጥፍሯ ፋቅ አድርጋ ብናኙን አየችው።

«ይሄ ጨው ይመስላል። ውኃ ቀይራችኋል?»

ሰውዬው አተኩሮ አያት። «አዲስ ጉድጓድ አስቆፍረናል። ስንጥቁም የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ይህን ለአለቆቼ ብነግራቸው 'ጥናቱን ጠብቅ' አሉኝ።»

«እኔም ጥናቱን ልሥራ ብል ሽቦ የለኝም።»

«የምን ሽቦ?» አለና ጎንበስ ብሎ ምድጃውን ውስጡን አየ። «ይሄማ እኛ መጋዘን ሞልቷል!»

ከአራት ቀን በኋላ ሽቦውን ይዞ መጣ፤ የበሩ ጥበቃ መለሰው። ስጦታ ከሆነ በትስስር ጽሕፈት ቤት በኩል፣ በደብዳቤ፣ ኮሚቴው ሲሰበሰብ። ኮሚቴው መቼ ይሰበሰባል? ሰብሳቢው ከጉዞ ሲመለስ። የት ሄዶ? ስለ ትስስር ልምድ ሊቀስም።

በማግስቱ ሰውዬው ተመልሶ መጣ፤ ቀን በፀሐይ ካፖርት ለብሷል። ጥበቃው ፈትሾ አሳለፈው፤ ሽቦው ወገቡ ላይ እንደ መቀነት መጠምጠሙን አላወቀም፣ ወይም አውቆ ተወው። እትዬ እሳት ሲፈታው ስታይ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ደሟ ፈላ።

«በዚህ ዕድሜያችን የሥራ ዕቃ እንደ ሌባ እንሸከም?»

«በይ፣ ጫፉን ያዢ» አላት።

ሁለቱ ተጋግዘው ሽቦውን ገጠሙት። እሱ የፋብሪካውን ሸክላና የጉድጓዶቹን ውኃ አመጣላት፤ እትዬ እሳት አንዱን ሸክላ በሦስት ዓይነት ውኃ አቦካችው፤ በአዲሱ ጉድጓድ፣ በአሮጌው ጉድጓድና በዝናብ ውኃ። አደረቀች፣ ተኮሰች፣ አቀዘቀዘች፣ ደገመችው። በአዲሱ ጉድጓድ ውኃ የተቦካው ብቻ ነጭ አወጣ፣ ተሰነጠቀ። ዶክተሩን ጠርታ በጠረጴዛ ላይ ደርድራ አሳየችው። አንድ በአንድ እያገላበጠ፣ «አንድ ዓመት የተያዘለት ሥራ እኮ ነው፣ እትዬ» አለ።

«ሽቦው ቢኖር አንድ ወርም አይፈጅም ነበር።»

ፋብሪካው ወደ አሮጌው ጉድጓድ ተመለሰ፤ ስንጥቁ ቆመ። የዩኒቨርሲቲው መጽሔት «የዓመቱ አንጸባራቂ የትስስር ስኬት» ብሎ ጻፈ፤ ዶክተሩ ስሟ ይግባ ብሎ ቢለምንም የገባው «የላቦራቶሪው ባልደረቦች» የሚል ነበር። ያንን ስኬት አይቶ ሌላ ድርጅት የበለጠ ድጋፍ ሰጠ። የንብረት ቆጣሪዎች ግን አዲሱን ሽቦ አይተው ኖሮ፣ ለእትዬ እሳት ደብዳቤ ደረሳት፤ ያልተመዘገበ ንብረት ወደ ግቢ አስገብታ ስለተገለገለችበት በሦስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንድታስረዳ።

ይዛው ወደ ትስስር ቢሮ ገባች። «ጌታዬ፣ ያ መጽሔት ላይ ያለው ስኬት የተገኘው በዚህ ሽቦ ነው።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ። ስኬቱን ማንም አልተቃወመም። አሠራሩ ነው።»

«እንግዲያስ ሽቦውን ልፍታና ስኬቱን መልሱ!»

ሰውዬው ደብዳቤውን መልሶ ገፋላት። እሷም በሩን ሳትዘጋ ወጣች።

መልሷን ከባሏ የስፌት መኪና አጠገብ ተቀምጣ ጻፈችው፤ እሱ «ለስለስ አድርጊው» እያለ፣ እሷ እያጠነከረችው። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፤ ሽቦውም በንብረትነት እንዲመዘገብ ተወሰነ። የንብረት ክፍል ሠራተኛ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ይዞ መጣ፣ መመሪያው በዕቃው ላይ ይለጠፍ ስለሚል ሽቦው ላይ ለጠፈው።

«ወንድሜ፣ ይሄ ሺህ ዲግሪ ይግላል» አለችው።

«እኔ የታዘዝኩት መለጠፍ ነው።»

ገና በመጀመሪያው ተኩስ ወረቀቱ አመድ ሆነ። አሁን በየሦስት ወሩ ቆጠራ ሲመጣ ሠራተኛው ቁጥሩን ይፈልጋል፣ ያጣል፣ «ሽቦው የለም» ብሎ ይጽፋል፤ እትዬ እሳት ከዚያው ምድጃ ፊት ቆማ ትፈርምለትና በሩን ዘግታ ቀጣዩን ሸክላ ትተኩሳለች።