አራሷ አይጥና ጠያቂዎቿ

ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ ቤተ ሙከራ፣ የእንስሳት ተንከባካቢ ሆኜ ሥራ የጀመርሁ ዕለት ለእናቴ ደወልሁላት። ደቅ ደሴት ላይ ዕድሜዋን ሙሉ ከጎተራ አይጥ ስታባርር የኖረች የመሪጌታ ሚስት ናት።

«እኔ ሳባርር የኖርሁትን አንተ እንድትቀልብ ደመወዝ ይከፍሉሃል?» አለችኝ።

አለቃዬ ዶክተር ሰብለ የፕላስቲክ ሣጥኖቹን እያሳዩ አስረዱኝ። «ሰው አፍና ጉሮሮ ላይ ካንሰር የሚያመጣ ቫይረስ አለ። የእሱ ዘረ መል በእነዚህ አይጦች ውስጥ ገብቷል። ቫይረሱ ራሱ ስለሌለባቸው አትፍራ። በሽታው እንዴት እንደሚጀምር የምናየው በእነሱ ነው።»

ከባሕር ማዶ የመጡት ጥቂት ነበሩ፤ ሌላ ማስመጣት አይቻልም። ወልደው ካላሳደጉ ጥናቱ እዚያው ያበቃል።

የመጀመሪያዋ ስትወልድ ደስታችን ልክ አልነበረውም። አራስ ካልተጠየቀች ነውር ነውና ሁሉም ጋዋኑን እየለበሰ መጣ። የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ታረቀኝ ክዳኑን ከፍተው፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» አሏት። እኔም ግልገሎቹን በጣቴ ነካ ነካ አደረግሁ።

በማግስቱ ሣጥኑ ውስጥ እናቲቱ ብቻ ነበረች። ልጆቿን በልታቸዋለች። ሮጬ ዶክተር ሰብለን ጠራሁ።

ዶክተር ሰብለ ብዙ አላሰቡም። «አስጨንቀናት ነው። እኔንም አራስ ሳለሁ ያደከመኝ ምጡ ሳይሆን ጠያቂው ነበር» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ቀጣይዋ ስትወልድ በሩ ያንተ ነው። ማንም እንዳይገባ» አሉኝ።

ሁለተኛዋ ወለደች። ጋሽ ታረቀኝ ከተፍ አሉ።

«አራስ ልጠይቅ መጥቼ ከደጅ ልመለስ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሽዬ፤ ለክርስትናው ይደርሳሉ።»

«አዬ የመሪጌታ ልጅ!» ብለው እየሳቁ ተመለሱ። ለእኔ ግን ኃላፊ ከበር መመለስ ቀላል አልነበረም።

ግልገሎቹ ፀጉር አበቀሉ፤ ዓይናቸውን ገለጡ። ከጆሯቸው ቅንጣት ናሙና ተወሰደ። ዶክተር ሰብለ ውጤቱን ይዘው ሲወጡ ፊታቸው በርቷል፤ ከፊሎቹ ዘረ መሉን ወርሰዋል። ጥናቱ ተረፈ።

እልል እንዳንል አይጦቹ ይደነግጣሉ። ስለዚህ ሁላችንም ተያይዘን ሐይቁ ዳር ወረድንና እዚያ አቀለጥነው። አንድ ታንኳ ቀዛፊ ቆም ብሎ፣ «ምን ተገኘ?» ሲል ጠየቀ።

«አይጥ ወለደችልን!» አሉ ጋሽ ታረቀኝ።

ሰውየው አማተበና መቅዘፉን ቀጠለ።

ዛሬ አዲስ ተንከባካቢዎችን የማሠለጥነው እኔ ነኝ። አራስ አይጥ ካለች ውኃዋንና መኖዋን ከውጭ እዩ፣ ክዳኑን አትክፈቱ፣ በሩን ዘግታችሁ ሂዱ እላቸዋለሁ። የምትወዷትም ብትሆን።