የአንቶኒዮ መርዶ

ይህ ነገር የደረሰው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ላይ፣ ሳን ሆዜ ስኖር ነው። ብዙ ጥፋት አጥፍቼ ረስቻለሁ። ይሄኛው ግን በደግነት ያጠፋሁት ስለሆነ መሰለኝ አልረሳ አለኝ።

ያኔ የምሠራው አንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነበር። አንሶላ የሚታጠፈው ሁለት ሰው ሆኖ ነው፤ የእኔ ጓደኛ አንቶኒዮ የሚባል ብራዚላዊ ነበር። ዕድሜው ወደ ሃምሳ ይጠጋል። አፓርትመንትም የተከራየነው አብረን ነው።

አንሶላውን በያዝን ቁጥር የሚያወራኝ ስለ ትውልድ ከተማው የኳስ ቡድን ነው። ዓለም የሚያውቃቸው ትልልቆቹ የብራዚል ቡድኖች እንዳይመስሏችሁ። የባቡር ጥገና ሠራተኞች ያቋቋሙት፣ ከክፍለ ሀገሩ ውጭ ማንም የማያውቀው፣ ዋንጫ በእጁ ነክቶ የማያውቅ ቡድን ነው። የተቀናቃኛቸው የነጋዴዎቹ ቡድን ደጋፊዎች «ጥላሸቶች» እያሉ ይሰድቧቸው ነበር አሉ። እነሱም ስድቡን ስም አደረጉት። ጨዋታ ባለ ቀን ደጋፊው ሁሉ ግንባሩን ጥላሸት ተቀብቶ ነው ሜዳ የሚገባው። የአንቶኒዮ ታላቅ ወንድም ዤራልዶ የሜዳው ጠባቂ ነበር፤ በየወሩ ውጤቱን በደብዳቤ ይልክለታል። አንቶኒዮ ደብዳቤው ከመጣለት ተሸንፈው እንኳ ይስቃል።

አንድ ሐሙስ አንቶኒዮ ሱቅ ሄዶ ሳለ ስልክ ጮኸ። አነሳሁት። አንዲት ሴት በፖርቱጋልኛ ታወራለች። የዤራልዶ ሚስት መሆኗ ገባኝ። ከዚያ ሁሉ ንግግር የለየሁት አራት ቃል ነው፦ ዤራልዶ፣ ሞሬ፣ ዶሚንጎ፣ ቴሌፎን። ዶሚንጎ እሁድ መሆኑን ሥራ ቦታ ከሜክሲኮ ሠራተኞቹ ተምሬያለሁ። ሞሬ የምትለዋ ደግሞ የእኛኑ «ሞተ» መሰለችኝና ክው አልኩ። ሴትየዋ ታለቅስ ነበር።

ለማረጋገጥ ኦክላንድ አቦይ ተክሌ ጋ ደወልኩ። አቦይ ተክሌ ታክሲ የሚነዱ የአስመራ ሰው ናቸው፤ ጣልያንኛ ይችላሉ።

«ሞሬማ ሞት ነው ልጄ፤ በጣልያንኛም ያው ነው» አሉኝ። «ወንድሙ አርፏል ማለት ነው። እሁድ ኮል አድርገው ሊነግሩት ነው።»

«ብቻውን እያለ?»

«እንዴት ተደርጎ። ደርሰን እናረዳዋለን እንጂ።»

እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ደጋፊ አጠገቡ ሆኖ ነው የሚነገረው። እኔ ደግሞ በዚህ አልታማም፤ የስንቱን መርዶ ያስተባበርኩ ነኝ። ሁሉም ከሥራ የሚያርፈው እሁድ ስለሆነ ከቅዳሴ በኋላ እንዲሆን ተስማማን። ሁለት ቀን ሙሉ አንሶላ ስናጥፍ ዓይኑን ማየት አቃተኝ። «አሞሃል እንዴ?» ይለኛል። ጉንፋን ነው እለዋለሁ።

እሁድ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመውጣቴ በፊት፣ አንቶኒዮ ሻወር ላይ እያለ ከሶፋው ጀርባ ገብቼ የስልኩን ገመድ ከግድግዳው ነቀልኩት። በዘዴዬም ኮርቼ ነበር።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ስድስት ሆነን ገባን። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አንቶኒዮ ግራ ገብቶት ወንበር ሊያመጣ ተነሳ። አቦይ ተክሌ ትከሻውን ይዘው በእንግሊዝኛ ቀስ ብለው ነገሩት። መሬት ላይ ቁጭ አለ። ወንድ ልጅ እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። ሴቶቹም የማያውቁትን ዤራልዶን እያነሱ አብረውት አለቀሱ።

ትንሽ ሲረጋጋ «የወንድሜን ሚስት ላናግራት» አለ። ገመዱን መልሼ ሰካሁት። እጄን ሳላነሳ ስልኩ ጮኸ።

አንቶኒዮ አነሳና አዳመጠ። ከዚያ «ዤራልዶ?» አለ። እየሳቀ፣ እያለቀሰ፣ ወደ እኛ ዞሮ «ራሱ ነው፣ ራሱ ነው» ይለናል። እልል ልንል ምንም አልቀረን። ቀስ በቀስ ግን ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። ስልኩን ዘግቶ ወንድሙ ያለውን ተረጎመልን።

የሞተው ቡድኑ ነው። ሜዳው ተሽጦ ቡድኑ ሊፈርስ፣ የመጨረሻ ጨዋታውን የሚጫወተው ያን እሁድ ኖሯል። ሴትየዋ የነገረችኝ ዤራልዶ በጨዋታው ሰዓት እንደሚደውል ነበር። ዤራልዶ የጥበቃ ቤቱን ስልክ ገመድ ቀጥሎበት፣ በመስኮት አውጥቶ ሜዳው ዳር ድረስ ወስዶታል፤ ወንድሙ የሕዝቡን ድምፅ እንዲሰማ። ሲደውል ዋለ። ጨዋታው ሲያልቅ ሐዲዱ ላይ የቆሙት ባቡሮች ሁሉ ጥሩምባቸውን አንድ ላይ ነፉ አሉ። «ድንገት ታነሳ ይሆናል ብዬ መነጋገሪያውን ወደ ሜዳው አዙሬ ይዤ ቆምኩ» ብሎታል።

አንቶኒዮ ስልኩን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ ከዚያ እኔን።

«ነቅለኸው ነበር?»

አዎ አልኩት። ለምን እንደነቀልኩት ላስረዳው ሞከርኩ፤ በእንግሊዝኛ ሲነገር ዕብደት ይመስላል። አፈርኩ።

እንግዶቹ ሹልክ ብለው ሊወጡ ሲሉ አቦይ ተክሌ «ተቀመጡ፤ ለቅሶ መጥተን የለም እንዴ?» አሏቸው። ከዚያ ወደ አንቶኒዮ ዞረው «ሟቹ ስንት ዓመቱ ነበር?» ብለው ጠየቁት።

«ሃምሳ ስምንት» አለ አንቶኒዮ።

ከዚያ ነገረን። አባቱና ጓደኞቹ የተመልካቹን መቀመጫ ከአሮጌ የሐዲድ እንጨት እንደሠሩት፣ በረኛቸው ሁለት ጣቱን ማሽን የቆረጠው ሰው እንደነበር፣ ሰኞ ተጫዋቾቹ ቱታቸውን ለብሰው ሥራ ሲገቡ ልጆች በር ላይ ይጠብቋቸው እንደነበር። ሴቶቹ በየመሀሉ እንባቸውን ይጠርጋሉ። አሁን የሚያለቅሱለትን አውቀውታል።

አንቶኒዮ አልተቆጣኝም። በማግሥቱ አንሶላ ስናጥፍ ግን ስለ ቡድኑ አላነሳም፤ ከዚያም በኋላ አላነሳም። በዓመቱ ማውንቴን ቪው የሚባል ከተማ ሌላ ሥራ አግኝቶ ሄደ።

ይህን ታሪክ በየድግሱ እያወራሁ ብዙ ሰው አስቄበታለሁ። ለብራዚል ኳስ ቡድን ለቅሶ የተቀመጡ ሐበሾች፣ ያስቃል። ዤራልዶ መነጋገሪያውን ይዞ መቆሙን ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ዛሬ ለእናንተ ነው። እኔ የፈለግሁት አንቶኒዮ ክፉውን ብቻውን እንዳይሰማ ነበር። እሱ ግን ያን ቀን ከስልኩ ሦስት እርምጃ ርቆ፣ ብቻውን ጋዜጣ ሲያገላብጥ ዋለ። ቡድኑ እየሞተ፣ ምንም ሳይሰማ።