የማንአልሞሽ ድስት አይከፈትም

ባለቤቴ ማንአልሞሽ እንግዳ ሳታበላ መሸኘት አይሆንላትም። ኤርፖርት አጠገብ ያለ ሆቴል አልጋ ስታነጥፍ ትውልና፣ ሲያትል አጠገብ ቡሪየን ያለው ቤታችን ስትገባ ደግሞ የጎረቤት ድመት ሳትቀር ታበላለች። ታዲያ እንዲህ ያለችው ሴት ነፍሰ ጡር ምራቷን «አልሰጥሽም» አለች ብላችሁ ማን ያምነኛል? እኔ ይርጉ፣ ባሏ፣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ነገሩ የመጣው ከቅርጫ ነው። ለገና ከጓደኞቼ ጋር በሬ አርደን ድርሻችንን ፍሪዘር ውስጥ ሞላነው። ከዚያ ኃይለኛ ነፋስ መጣ፣ መብራት ሄደ፣ እንደሄደ ቀረ። ሥጋው ሁሉ ገማ! የተረፈችዋን ቋንጣ እናድርጋት ብለን ጋራዥ ውስጥ ብንሰቅላት፣ በሲያትል ርጥበት ሻግታ ጢም አበቀለች። ማንአልሞሽን እልህ ያዛት። ሥጋን በጠርሙስ ጃር አሽጎና ቀቅሎ ያለ ፍሪዘር ማቆየት፣ ካን ማድረግ የሚሉትን፣ የሚያስተምሩበት ክላስ ገብታ፣ ጠቦት በግ የሚያስተኛ ድስት ተሸክማ መጣች። ክዳኑ በብሎን ይታሰራል፤ እላዩ ላይ እንደ ሰዓት ያለ የግፊት መለኪያ አለው።

«ሥጋና ጨው ብቻ ነው የሚገባው» አለችኝ።

«ቅቤስ?»

«ቅቤ አይገባም ተብለናል። ሙቀቱን ይከለክላል፤ ከዚያ ሥጋው ይመርዛል።»

«ይሄማ የበሽተኛ ምግብ ነው!» አልኳትና ሳቅኩባት።

እንግዲህ ምድር ቤታችን ልጃችን ቴዲና ሚስቱ ፍዮሪ ይኖራሉ። ፍዮሪ ከፀነሰች ጀምሮ እህል እምቢ አላት። ቁሌት ሲሸታት እየሮጠች መታጠቢያ ቤት ነው። ለእሷ ስንል ሽንኩርት ከቤት ጠፋ፤ እኔም ሳልፀንስ ከሳሁ። ቀልዱን ተዉትና፣ ፈርተን ነበር። ፊቷ አልቆ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል። ሐኪሟ «እስከ ሰኞ ካልበላች ሆስፒታል ተኝታ ግሉኮስ ይገባላታል» ብላለች። ማንአልሞሽ ያላበሰለችላት ነገር የለም፤ አጥሚት በይ፣ ሾርባ በይ፣ ሁሉም ተመለሰ።

ቅዳሜ ዕለት ማንአልሞሽ የገዛችውን ሥጋ በየጃሩ ከታ፣ ድስቱን ጣደች። ቤቱ በሥጋ ሽታ ሲሞላ ፍዮሪ ደረጃውን ወጥታ ኩሽናው በር ላይ ብቅ አለች። አለቀልን አልኩ።

«ሥጋ ነው ልጄ» አልኳት፤ «መስኮት ልክፈት?»

«እንዳይከፍቱ!» አለችኝ። «ጋሼ… አማረኝ እኮ።»

እልል ልል ምንም አልቀረኝ። እኛ አገር ነፍሰ ጡር የሸተታትን ነገር መከልከል ትልቅ ነውር ነው፤ ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል ይባላል።

«ክፈቺላት እንጂ ማኔ! ምን ታፈጫለሽ?»

ማንአልሞሽ እሳቱን ያጠፋችው ያኔውኑ ነበር። መለኪያውን አየች፣ ፍዮሪን አየች፣ ጥርሷን ነከሰች።

«አይከፈትም» አለች። «ግፊቱ በራሱ እስኪወርድ አይነካም።»

«ማሚ፣ ፕሊስ፣ ቀስ ብለሽ ኦፕን አድርጊው» አለ ቴዲ ከኋላ ደርሶ።

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች!» አለችው።

ክዳኑን እኔው ልፈታ እጄን ስሰድ በማማሰያ አለችኝ። ኧረ አሳበጠችኝ!

«የፈላው ሁሉ ፊታችን ላይ ይፈነዳል አንተ ሰው! የልጅ ልጄን ፊት የሌለው አያት ያሳድገው?»

ማማሰያውን አስቀመጠችና ከፍዮሪ ፊት ተንበረከከች። «ልጄ፣ አፈር ስሆን ትንሽ ታገሺኝ። አምሮትሽን እንዳትለቂው።»

ጉድ እኮ ነው፣ አምሮት የሚጠበቀው በምንድን ነው? ቴዲ መስኮቱን ሁሉ ዘጋ። እኔ በፒዛ ካርቶን ሽታውን ወደ ፍዮሪ አራግባለሁ። ማንአልሞሽ መለኪያው ላይ አፍጥጣ «ውረድ፣ ውረድ አንተ እርጉም!» ትላለች። ግፊቱ ግን ቅንጣት አልቸኮለም። ፍዮሪ ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ ደገፍ አድርጋ «እማማ፣ እየተወኝ ነው መሰለኝ» ስትል ሁላችንም ክው አልን። እኔ ማራገቡን በሁለት እጅ አደረግኩት።

በመጨረሻ ክዳኑ ተፈታ። ጃሮቹ ሲወጡ ውስጣቸው ገና ይንተከተካል።

«እነሱም ይብረዱ» አለች ማንአልሞሽ።

«እግዚኦ! ልጁ ተወልዶ ክርስትና ይነሳ እንጂ!» ብዬ ጮህኩ። በዚያው ቅጽበት የአንዱ ጃር ክዳን «ጧ!» ብሎ ታሸገ፤ እኔ ዘልዬ ቴዲ ላይ ወደቅኩ። ፍዮሪ ሳቀች። ሳቋን ከሰማን ስንት ጊዜያችን!

ጃሩ በእጅ የሚያዝ ሲሆን ተከፈተ። ሥጋው የገረጣ ነው፣ መረቁም ውሃ ይመስላል። ማንአልሞሽ አፈረች። «ቅቤ የለው፣ በርበሬ የለው… ላቁላላልሽ እንዴ?»

«ኖ፣ ኖ! እንዲሁ ይስጡኝ።»

በሹካ አንድ ጎረሰች። ሁላችንም የመታጠቢያ ቤቱን በር አየን። ዋጠች። ሌላ ጎረሰች። ጃሩን አንስታ መረቁን ጨለጠችና አፏን በእጅጌዋ ጠርጋ «እማማ፣ ሌላ ይከፈትልኝ?» አለች።

እኔም የበሽተኛ ምግብ ያልኩትን ልቀምስ እጄን ብሰድ፣ ቴዲ ጃሩን ከፊቴ አነሳው። ማንአልሞሽ ለፍዮሪ ሁለተኛውን ከፈተችላትና ጀርባዋን ሰጥታን ቧንቧውን ለቀቀችው። ዕቃ የምታጥብ መስሎኝ ነበር። ትከሻዋን ሳየው ይርገበገባል።

ጠጋ ብዬ «ምነው ማኔ? ምን ሆንሽ?» አልኳት።

በቀሚሷ ፊቷን ጠረገች።

«በላች እኮ፣ ይርጉ» አለችኝ። «በላች።»