እድር ቤት የተቀዳው ድምፅ

ባለፈው ሳምንት ካዛንቺስ ያለችው ስቱዲዮዬ አንድ ወጣት ራፐር መጥቶ ነበር። በቀዳው ድምፅ መሀል የመኪና ጥሩምባ ገብታበት «ጋሼ፣ ይቺን ማጥፋት ይቻላል?» አለኝ። አንዲት ቁልፍ ተጫንኩ፤ ጠፋች። ልጁ ረክቶ ሄደ፤ እኔ ግን ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ድረስ በሐሳብ ያደግሁበት ቂርቆስ ሄጄ ቀረሁ።

ያኔ ሃያ ዓመት ቢሞላኝ ነው። የሰፈሬ ልጅ ቢኒ ራፕ ያደርጋል፣ እኔ በአሮጌ ኮምፒውተር አቀናብራለሁ። ቤት ውስጥ የቀዳነውን ዘፈን ሬዲዮ ጣቢያ ወሰድን። አዘጋጁ ግጥሙን ወደደው፤ ድምፁ ግን ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ ይመስላል አለና እስከ ሰኞ እንድናስተካክለው ነገረን።

ድምፅ የማያስተጋባበት ክፍል ሰፈራችን ውስጥ አንድ ብቻ ነበር፤ የእድሩ ዕቃ ቤት። ድንኳኑ ተጣጥፎ ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረውም፤ ፍራሹና ምንጣፉም እዚያው ነው። ቁልፉ ያለው ደግሞ አባቴ ዘንድ። የእድሩ ንብረት ያዥ ነበር፤ አንድ ድስት ጎደለ ብሎ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው። ራፕን «የተጣላ ሰው ወሬ» ይለዋል።

ሁለት ቀን ሙሉ ለመንኩት። የሐዘን ዕቃ ቤት ለጭፈራ አልተሠራም አለኝ። እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ግን ቁልፉን ከፍርፍር ሳህኔ አጠገብ አስቀመጠው።

«እስከ ስድስት ሰዓት። ድንኳኑን እንዳትረግጡ።»

የጥቅምት ፀሐይ ደጁን ሞልቶታል፤ ውስጡ ግን ጨለማ ነው፣ ሸራው የዝናብና የወጥ ሽታ አለው። ቢኒ በላብ ተጠምቆ ሰባት ጊዜ ደጋግሞ ቀዳ። ሁልጊዜ ኳስና ጫጫታ የማያጣው ግቢ ያን ቀን ጭጭ ብሏል። ዕድላችን ነው አልን።

ከሰዓት ሚክሱን ጀመርኩ። ራፐር አንዱን ቃል ይጮኻል፣ ሌላውን ይውጠዋል፤ ሁሉም እኩል እንዲሰማ ጩኸቱን ተጭኖ የቀረውን ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ያኔ ታዲያ ከጀርባ የተደበቀው ሁሉ አብሮ ይወጣል። ቢኒ ትንፋሽ በሚስብባት ክፍተት ሹክሹክታ ሰማሁ። ሄድፎኑን ጆሮዬ ላይ ጫን አደረግሁት። አባቴ ነበር፣ ከበሩ ውጭ።

«ቀስ በሉ እንጂ፤ ልጆቹ ሥራ ላይ ናቸው።»

ጭፈራችንን «ሥራ» አለው። ክፍተቱን ሁሉ እየፈለግሁ አዳመጥኩ። አንዱ ጋ ልጆቹን ኳሳቸውን ይዘው ራቅ እንዲሉ ይለማመጣል። ሌላው ጋ፣ ያ ስለ ድስት እንቅልፍ የሚያጣ ሰው፣ ድስት ሊመልሱ የመጡ ሴትዮን ከስድስት ሰዓት በኋላ እንዲመጡ ይለምናል። እንባዬ መጣ፤ ሳቄም አብሮ።

ቢኒ «በቃ ቁረጠው፣ ፕሮፌሽናል አይመስልም» አለኝ። ልክ ነበር። እያንዳንዷን በእጄ ቆርጬ አወጣሁ፣ ዘፈኑም በሬዲዮ ተሰማ። ያልተቆረጠውን ቅጂ ግን ለራሴ አስቀመጥኩት።

ከዚያ ወዲህ የስንቱን ድምፅ አጽድቻለሁ። ያኔ ደህና ስቱዲዮ ቢኖረን ኖሮ ግን አባቴ በር ላይ ቆሞ እንደዋለልኝ ሳላውቅ እኖር ነበር።

ወጣቱ ራፐር ስቱዲዮዬ መጥቶ በሄደ ማግስት ቅጂውን በስልኬ ይዤ ቂርቆስ ወረድኩ። አባቴ አርጅቷል፣ ጆሮውም ደክሟል፤ ሄድፎን አድርጌለት ከፍ አደረግሁለት።

«ማነው ይሄ?» አለ።

«አንተ ነህ እኮ፣ አባዬ።»

«እኔ አይደለሁም። እኔ ያን ቀን ድስት ስቆጥር ነበር።»

ሄድፎኑን ግን ዘፈኑ እስኪያልቅ አላወለቀም።